ያሸነፍኩት ክርክር

ሮም ውስጥ ሰው ቤት ለምንሠራ ሴቶች ሐሙስ ከሰዓት የራሳችን ነው። ሌላው ቀን የአሠሪ ነው፤ ሐሙስ ከምሳ በኋላና እሑድ ግን ማንም አይጠራንም። ስለዚህ ለቅሶ መድረሱንም፣ ሐሜቱንም፣ የፖለቲካ ክርክሩንም ሐሙስ ላይ ጠቅጥቀን እንኖራለን። እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ ብለው ድምፅ የሰጡትም ሐሙስ ቀን ነበር። እኛም ያን ዕለት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ ከሁልጊዜው ባራችን ተሰብስበን፣ ማንም ድምፃችንን ሳይጠይቀን ስንጨቃጨቅ አመሸን።

ከዚያ ጠረጴዛ የማንጠፋው እኔና ጓደኛዬ ነበርን። ሌላው ይመጣል፣ ማኪያቶውን ይጠጣል፣ ይሄዳል። ከእሷ ጋር የተዋወቅነው ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ተሰልፈን ነው። ከፊቴ የቆመች ሴት ትንሽ ልጇን በአማርኛ ስትቆጣ ሰማሁና ትከሻዋን ነካ አደረግኋት። ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ቲቡርቲና አካባቢ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራየን፤ ሻንጣችንን የምናስቀምጠውም፣ በዓል ሲሆን የምናበስለውም እዚያች ክፍል ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እሷ የኤርትራውያን ልጅ ናት፤ የተወለደችው፣ የተማረችውና ያገባችው ግን አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛዋም ከእኔ ይሻላል። ኤርትራ ነፃ አገር ትሁን አትሁን ተብሎ ሕዝብ ሲጠየቅ አዲስ አበባ ላሉትም ድምፅ መስጫ ተከፍቶ ነበርና፣ ነጠላዋን ለብሳ ሄዳ "ትሁን" አለች። ከጎረቤቶቿ ጋር እየተሳሳቀች ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ በእሷ ኑሮ ላይ አንድ ነገር ይለወጣል ብሎ የነገራት አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ፣ ያ ድምፅ "የሌላ አገር ዜጋ ነሽ" ተብሎ ተመዘዘባት። የአምስት ዓመት ልጇንና አንድ ሻንጣ ይዛ በአውቶቡስ ወደማታውቀው አገር፣ ወደ ኤርትራ፣ ተሸኘች። ባሏን ከዚያ ወዲህ አላየችውም።

ከዚያ ወጥታ ሮም ከገባች በኋላ ደግሞ ሌላ መጣ። አዳሪ ሠራተኛ ልጅ ይዛ ሰው ቤት አትገባም። ልጅቷን መነኮሳት የሚያሳድጉበት አዳሪ ቤት አስገባቻት፤ ሐሙስ ከሰዓት ሄዳ ታያታለች፣ ሲመሽ ትታት ትመለሳለች። በሳምንቱ ውስጥ የአሠሪዎቿን ልጆች ጸጉር ታበጥራለች፤ የገዛ ልጇን ጸጉር ግን መነኮሳቱ ለማበጠር እንዳያስቸግር ብለው በአጭሩ ቆርጠውት አገኘችው። "ወለድኳት እንጂ አላሳደግኳትም፤ ሐሙስ ሐሙስ ጎበኘኋት" ትለኝ ነበር። ይህን ስትል አታለቅስም፤ ለእኔ ግን ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ አደገች። ከእናቷ ጋር የኢጣሊያ ዜግነት አገኘች፤ የብዙዎቻችን ልጆች እንደሚያደርጉትም ፓስፖርቷን ይዛ ለንደን ገባች። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ ያዘች። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ልጇ የወለደች ዕለት ለንደን ሄዳ የልጅ ልጇን በገዛ እጇ ማሳደግ። የኢጣሊያ ፓስፖርት አላት፤ እንግሊዝ ኅብረቱ ውስጥ እስካለች ድረስ ማንንም አታስፈቅድም፤ ትኬት ቆርጣ ገብታ መኖር ነው። ለዚህ ነው ያ ሐሙስ ለእሷ ወሬ ያልነበረው።

በማግስቱ ጠዋት ደወለችልኝ። "ወጡ" አለችኝ። እኔ የአሠሪዬን ቁርስ እያቀረብኩ ስለነበር በኋላ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁባት።

አሠሪዬ ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው። እግራቸው አይሄድም፤ አፋቸው ግን ይሄዳል። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ከተከራካሪዎቹ ጋር ይከራከራሉ፤ እኔ መድኃኒታቸውን እየሰጠሁ አዳምጣለሁ። እንግሊዞች መውጣትን ያወሩታል እንጂ አይወጡትም፣ ቢወጡም በአንድ እግራቸው ነው ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ሐሙስ ሲደርስ የእሳቸውን ቃል አሙቄ ባሩ ውስጥ አቀርባለሁ። ሰዉ "አቮካቷ"፣ ጠበቃዋ፣ ይለኝ ጀመር። በፊት በፊት ለማሾፍ ነበር፤ እየቆየ የምር አደረጉት። እውነቱን ልናገርና ወደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ስታዘዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እኔ ስናገር ሌላው ዝም ብሎ ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በየሐሙሱ የማይባል ነገር አልነበረም። አንዱ የኢጣሊያ ፓስፖርት ያለውን ሐበሻ ሁሉ ከለንደን ይጠርጉታል ይላል። ሌላዋ እንግሊዝ ያለ እኛ ሽማግሌዎቿን ማን ያጥብላታል ትላለች። አንዱ ደግሞ ኢጣሊያም ትከተላለች፣ የድሮው ገንዘብ ሊራ ይመለሳል፣ እኛም ወደየመጣንበት ይላል። እኔ ሁሉንም ሰምቼ ፍርድ እሰጣለሁ። ጓደኛዬ ብዙ አትናገርም ነበር፤ የተናገረችው ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

"መለያየት የተፈረመ ዕለት አይታወቅም" አለች። "ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት በርሽ ሲንኳኳ ነው የሚታወቀው። የሚጎዳውም የወጣው ወይም የቀረው አይደለም፤ ሁለቱም ቤት ሰው ያለው ነው።"

እኔ ምን አልኩ? "እባብ ያየ በልጥ በረየ" አልኩ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ ያን ሳቋን ዛሬ ሳስታውሰው ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ኢጣሊያ የሚኖር ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚማራት ቃል ፕሮሮጋ ናት። ማራዘሚያ ማለት ነው። እኛ በፕሮሮጋ ያደግን ሰዎች ነን። ፔርሜሷችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ያልቅና ማመልከቻውን ባስገባንበት ደረሰኝ ዓመት ሙሉ እንኖራለን። ቤት ልቀቁ ይባልና ቀኑ ይገፋል። ያለ ወረቀት የኖረ ሰው እስከዚህ ቀን ይመዝገብ ይባላል፤ ቀኑ ያልፍና ሌላ ቀን ይሰጣል። በዚህ አገር የመጨረሻ ቀን የሚባለው ሰው ስለ ጉዳዩ ማሰብ የሚጀምርበት ቀን ነው። በዚህ ኖረን መንግሥት ሁሉ እንደዚህ መሰለን። የእንግሊዞቹ መውጫ ቀን ሲደርስ ደግሞ ተራዘመ። ሁለተኛም ተራዘመ። ሦስተኛም። በየጊዜው እኔ ባሩ ውስጥ የምገባው ራሴ ያራዘምኩት ይመስል ነበር።

ኋላ ወጡ ተባለ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግን ምንም አይለወጥም፣ እስከዚያ የገባ ሰው እንደገባ ይኖራል ተባለ። "አላልኳችሁም?" አልኩ። በዚያው ሰሞን ኮሮና መጣና ሮም ተቆለፈች።

የልጅ ልጇ የተወለደችው ከኮሮና በፊት በነበረው ዓመት ነው። ጓደኛዬ ያኔ ወዲያው ልትሄድ ነበር፤ የምትጦራቸው አሮጊት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ቆየች። ከዚያ በሩ ሁሉ ተዘጋ። ሲከፈት ልጇ ከለንደን በየቀኑ ትደውል ጀመር። ዲሴምበር ሳያልቅ ነይ፣ እዚህ ገብተሽ መመዝገብ አለብሽ፣ ከዚያ በኋላ አይሆንም ትላለች። ጓደኛዬም ለዲሴምበር አጋማሽ ትኬት ቆረጠች። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አንቀልባ አስመጣች፤ ዙሪያው በዛጎል ያጌጠ የቆዳ አንቀልባ። ልጇን ያላሳደገችበትን ዘመን በልጅ ልጇ ልትክስ ነው። አልጋው ላይ ዘርግታ ስታሳየኝ "ያምራል" አልኳት።

ክርክሩ የሆነው በዲሴምበር መጀመሪያ ሐሙስ ነው። ባሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋ ስለነበር ገና በጊዜው ገባን። አራት ሆነን ተራርቀን ተቀመጥን፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛችንን አገጫችን ላይ አውርደን እንነጋገር ነበር። እኔ ጀመርኩ። ኢጣሊያ በኮሮና ምክንያት የሁላችንንም ፔርሜሶ አራዝማ የለም? መንጃ ፈቃዱን፣ መታወቂያውን፣ ሁሉን አራዝማ የለም? እንግሊዝ በዚህ መቅሠፍት መሀል በር ብትዘጋ ዓለም ምን ይላታል? ቀጠልኩ። አሮጊቷን ሲኞራሽን በዚህ ሁኔታ ለማን ጥለሻቸው ትሄጃለሽ፣ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ? አውሮፕላን ውስጥ በሽታውን ይዘሽ ለሕፃኗ ልታጋቢባት ነው ወይ? "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኳት።

እሷ "ሳይቃጠል በቅጠል" ብላ መለሰች። እንደ አንቀልባው ሁሉ ነገሯ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ክርክር ግን አታውቅበትም። እኔ አውቅበታለሁ። የተቀመጡት ሁለቱ ከእኔ ወገን ሆኑ። አሎራ፣ እንግዲህ ትንሽ ታገሺ፣ ምን ያስቸኩላል አሏት።

ያላልኩት አንድ ነገር ነበር። እኔና እሷ ሃያ ገና አብረን ጾም ፈትተናል። የገናን ጾም አርባ ምናምን ቀን እንይዝና፣ በዋዜማው ዶሮውን እሷ ትበልታለች፣ ሽንኩርቱን እኔ አቁላላለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሷ ለእኔ፣ እኔ ለእሷ። ልጅ የለኝም። ባል የለኝም። እሷ ከሄደች በዚያች ክፍል ውስጥ ከአንድ ድስት ጋር ተፋጥጬ ልቀር ነው። አእምሮዬ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። አፌ ላይ ግን ሕግ ነበር፣ ኅብረት ነበር፣ ፕሮሮጋ ነበር።

በመጨረሻ "ገናን አሳልፈሽ ሂጂ" አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። "እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ይራዘማል። ከገና በኋላ ትሄጃለሽ።"

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስልኳን አውጥታ የትኬቱን ቀን ገፋችው። መነጽሯን ክፍላችን ረስታ ነበር። ፊደሉ ሲያስቸግራት ስልኩን ወደ እኔ አዞረች፤ የትኛውን መንካት እንዳለባት ያሳየኋት እኔ ነኝ።

አልተራዘመም። በፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ ቀን ከአሠሪዬ ጋር ዜና ስናይ፣ አሁን ይናገራሉ አሁን ይናገራሉ እያልኩ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሣም አልኩ። ዜናው ሲያልቅ ቸግሮኝ ጠየቅኋቸው፤ ፕሮሮጋ የለም ወይ አልኳቸው። ሽማግሌው የምን ፕሮሮጋ ብለው ዞረው አዩኝ። እንግሊዞች እኮ ጣሊያን አይደሉም አሉ። አራት ዓመት ሙሉ ያሉትን ሁሉ ረስተውታል፤ ለእሳቸው የማታ ጨዋታ ነበር። ተናደድኩ፤ ግን በማን ልናደድ? የሰው ወሬ ተሸክሜ የሄድኩት እኔው ነኝ።

ገናን አብረን አሳለፍን። ወጡ ጥሩ ነበር። እሷ ሁለት ጉርሻ በልታ እጇን ታጠበች። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም፤ እኔም ወቀሳው እስኪመጣ ሳህን ሳጥብ ቆየሁ።

በፋሲካ ማግስት ሄደች። መጎብኘት ይቻላል ተብላለች፤ ፓስፖርት ለሚያሳይ ጎብኚ ችግር የለም ተብላለች። እዚያ አየር ማረፊያ ግን ሻንጣዋን ከፈቱት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለሕፃኗ የሠራችው የክር ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ አንቀልባው። ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። ቋንቋ ስለማይግባቡ ትከሻዋ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ጣሊያንኛ የሚያስተረጉም ሰው በስልክ ቀረበ። ልጅ ልታሳድጊ ነው የመጣሽው ሲላት "አዎ" አለች። እስከ መቼ ሲላት እስክታድግ ድረስ አለች። እሷ መዋሸት አታውቅም። ይህ ጉብኝት አይደለም ተባለ። ከሌሎች ሰዎች ጋር አንድ ክፍል አስገቧት። ልጇ ሕፃኗን ታቅፋ ከመስታወቱ በር ወዲያ ስትጠብቅ ውላ ተመለሰች። በማግስቱ ጓደኛዬን በመጣችበት አየር መንገድ አሳፍረው ላኳት።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኳት። ሻንጣዋን ልይዝላት ብል አልሰጥ አለችኝ። ክፍላችን እስክንደርስ ራሷ ተሸከመችው። አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ሳታወልቅ "ሁለተኛዬ ነው" አለችኝ። ቀጥላም "በመጀመሪያው ጊዜ እንኳ ልጄ አብራኝ ነበረች" አለች።

ከዚያ ወዲህ ልጇ ብዙ ለመነቻት። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ጠበቃ አናግሬያለሁ፣ ሌላ ወረቀት አለ አለቻት። እሷ እንቢ አለች። ከሰው በር ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፣ ሦስተኛውን አልችለውም አለች፤ በዚህ ማንም አያሸንፋትም። እንዳትተዪአቸው ብዬ የተከራከርኩላቸው ሲኞራ በዚያው ክረምት አረፉ፤ ልጆቻቸው ቀብር መልስ ቁልፉን ተቀበሏት። አሁን ጡረታ ወጥታ በዚያችው ክፍል ትኖራለች። ልጇ በኦገስት ለጥቂት ቀን ትመጣለች፤ ሕፃኗ በመጣች ቁጥር እንግዳ ሆና ትመጣለች። አንቀልባው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ማውረድ ፈልጌ ነበር፤ እሷ የሰቀለችውን እኔ ምን አግብቶኝ አወርዳለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ቲቡርቲና አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ነገርኳት። ያኔ ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው፣ ሕጉን እኔ የት አውቄው አልኳት። ለዓመታት ያፈንኩት ነገር ነበር። እሷ አውቶቡሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ እያየች ነበር።

"አውቅ ነበር" አለችኝ። "'ብቻዬን ልቀር ነው' ብትዪኝ ኖሮ አቅፌሽ፣ አልቅሼ እሄድ ነበር። አንቺ ግን ሕግ ጠቅሰሽ ተናገርሽ። እኔ ደግሞ ሕግ እፈራለሁ።"

አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈርን። እሷ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ እኔ ቦታ ስለጠፋ ቆሜ ሄድኩ።

ባሩ እንዳለ ነው፤ ሐሙስም እንዳለ ነው። ያለፈው ሐሙስ ደግሞ ወጣቶች ኢጣሊያ ራሷ ከኅብረቱ ትውጣ አትውጣ ብለው ይዘውት ነበር። ግማሹ በጣሊያንኛ ግማሹ በአማርኛ ይጯጯሃሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ታክሲ የሚነዳው ልጅ፣ ወደ እኔ ዞሮ "አቮካታችን፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ አላውቅም አልኩት።

በዚህ መሀል የጓደኛዬ ስልክ ጮኸ። የልጅ ልጇ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትደውላለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። አማርኛዋን ሁሉ ጓደኛዬ በዚህ ስልክ ነው ያስተማረቻት፤ ቁጥር፣ የሰውነት ክፍል፣ የሰላምታ ቃል። ማሳደግ ከተባለ ያላት ማሳደግ ይኸው ነው። ልጅቷ የተማረችውን አንድ በአንድ አለችና ሲያልቅባት፣ አያቷን በጣሊያንኛ ጠርታ፣ "ኖና፣ መቼ ነው የምትመጪው?" አለች።

 ጓደኛዬ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ አሻግራ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"አንቺ ንገሪያት" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ወጣቶቹ ክርክራቸውን አቆሙ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ ትጠብቀኛለች። እኔ፣ ሃያ ሰው ፊት ስለ አገሮች መግባትና መውጣት ስፈርድ የኖርኩ ሴትዮ፣ አፌን ከፈትኩ፤ ከውስጡ ሌላ ነገር አልወጣም።

"ከገና በኋላ" አልኳት።